መድኃኒት ላይ እያለሽ ፍቅር ሲይዝሽ

ይህን የምጽፈው ገና ተማሪ እያለሽ የአእምሮ ሕመም እንዳለብሽ ለተነገረሽ፣ ክኒን መዋጥ ለጀመርሽ፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ አንድ ልጅ በክፍሉ በር ብቅ ሲል ልብሽ ድው ድው ለሚል ላንቺ ነው። "አንቺ" እያልኩ የምጽፈው ታናሽ እህቴን የማናግር ያህል ስለሚቀለኝ ነው። ወንድ ከሆንክ አብዛኛው ላንተም ይሠራል፤ አንብበው።

እኔ ባይፖላር አለብኝ፤ ስሜትን አንዴ በጣም ከፍ፣ አንዴ በጣም ዝቅ የሚያደርግ ሕመም ነው። የጀመረኝ ደሴ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። መጀመሪያ ድባቴው፣ ዝቅ የሚያደርገው፣ መጣ፤ ቀጥሎ ማኒያው፣ ከልክ በላይ ከፍ የሚያደርገው። የመጀመሪያ ፍቅሬም የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ዛሬ በሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ነኝ፤ መድኃኒቴን እወስዳለሁ፤ የምተዳደረውም በፋርማሲ ሙያ ነው። ስለዚህ ክኒኑን ከመስኮቱ ወዲህም ወዲያም ሆኜ አውቀዋለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይናገራል። ብቻሽን አይደለሽም። ሁሉም እንደማንኛውም ልጅ ያፈቅራሉ። እኛ ዘንድ ግን ስለ ሕመሙ የሚጠይቅሽ ሰው ስለ ፍቅሩ አይጠይቅሽም፤ የፍቅር ወሬ የምታወሪያት ጓደኛሽ ደግሞ ሕመሙን አታውቀውም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያይልሽ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ከምነግርሽ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዢ ይህን ያዢ፦ ፍቅርሽንም ጤናሽንም የሚጠብቅልሽ እንቅልፍሽ ነው። ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ የሚመጣ ነው።

ፍቅሩ ነው ወይስ ሕመሙ?

ፍቅር የያዘው ሰው አይተኛም፣ አይበላም፣ ብቻውን ፈገግ ይላል፣ ስለ አንድ ሰው አውርቶ አይጠግብም። ማኒያ የጀመረው ሰውም እንዲሁ። ለዚህ ነው ልጇ ትንሽ ደስ ባላት ቁጥር "ሊነሳባት ነው" ብላ የምትደነግጥ እናት የበዛችው። ይህ በጣም ያማል። ደስታሽ ሁሉ እንደ ምልክት ሲታይ፣ ደስታሽን መደበቅ ትጀምሪያለሽ፤ ስትደብቂ ደግሞ እውነተኛው ምልክት የመጣ ዕለት የሚያይልሽ አይኖርም። ስለዚህ መለያውን ራስሽ ብታውቂው ይሻላል።

ዋናው መለያ የእንቅልፉ ዓይነት ነው። ፍቅር እንቅልፍ ሲነሳሽ በማግስቱ ታዛጊያለሽ፣ ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ዴስክ ላይ ትደፊያለሽ፣ ቅዳሜ ሲመጣ እስከ ረፋድ ትተኚያለሽ። ማኒያ ሲሆን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝተሽ ጠግበሽ ትነሻለሽ። ድካም የሚባል ነገር የለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁም ሣጥኑን ገልብጠሽ ልብስ ታጥፊያለሽ፣ ሲነጋም የመጀመሪያዋ ክፍል ገቢ አንቺ ነሽ። መተኛት ማቃት ሌላ፣ መተኛት አለማስፈለግ ሌላ። ሁለተኛው ሁለት ሌሊት ከተከታተለ ሦስተኛውን አትጠብቂ፤ ለአንድ ትልቅ ሰው ንገሪና ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ።

ቀጥለሽ ነገሩ ከልጁ አልፎ ይሄድ እንደሆነ እዪ። ፍቅር አንድ ሰው ላይ ያርፋል። ማኒያ ግን ልጁን ይዞ ወደ ሁሉም ይዛመታል፦ እሱንም ትወጂዋለሽ፣ ድርጅትም ልትከፍቺ ነው፣ ዘፈንም ልታወጪ ነው፣ አገሪቱንም የምታስታርቂው አንቺ ነሽ፣ ይህ ሁሉ በዚህ ሳምንት። ወሬሽ ይፈጥናል፤ ሰው አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ትቀሚዋለሽ። የእናትሽ የዕቁብ ብር ለስጦታ ቢወጣ ምንም አይመስልሽም። የታክሲው ታርጋ ወይም ሬዲዮ ላይ የመጣው ዘፈን ለአንቺ ለይቶ መልእክት የሚያመጣ ከመሰለሽማ ሕመሙ ገብቷል፤ በዚያው ቀን መታየት ያለበት ነገር ነው።

ሐኪሞች "ማኒያ" ብለው ለመሰየም ቢያንስ አንድ ሳምንት የቆየ ለውጥ ይፈልጋሉ፤ ለድባቴ ሁለት ሳምንት። ያ የቀን ቆጠራ ለስያሜው የተቀመጠ ነው። አንቺ እርዳታ ለመጠየቅ ቀን መቁጠር የለብሽም።

ድባቴው ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ትናንት ስሙን ስክሪኑ ላይ ሲያዩ የሚቦርቁ ዓይኖችሽ ዛሬ ስልኩ ሲጮህ ይከደናሉ። "አልወደውም ማለት ነው" ብለሽ ታስቢያለሽ። ቆይ። የምትወጂውን ሻይም፣ ጓደኛሽንም፣ መዝሙሩንም በአንድ ጊዜ ከጠላሽው ልጁ ላይ አትፍረጂ። ድባቴ ሁሉንም ነው የሚያደበዝዘው። እውነት ልጁን ጠልተሽው ከሆነ ሻዩ እንደጣፈጠሽ ይቀራል።

ለዚህ ሁሉ ከቤትሽ አንድ ሰው ምረጪ። የኔ ታላቅ እህቴ ነበረች። ስምምነታችን አጭር ነበር፦ ጠዋት ጠዋት አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቀኛለች፤ "ስንት ሰዓት ተኛሽ?" ብላ። መድኃኒቴን መዋጤን አትጠይቅም፣ ከማን ጋር እንዳወራሁ አትጠይቅም። እኔ ደግሞ እውነቱን እነግራታለሁ። ያቺ ጥያቄ እንደ ፖሊስ ምርመራ ስላልሆነች ለመመለስ አትከብድም፤ በዚህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ነገር ቀድመን ይዘናል።

ሌሊቱና ስልኩ

የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ የተማሪ ፍቅር የሌሊት ፍቅር ሆኗል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሹክሹክታ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተከናንቦ፣ እስከ አሥር ሰዓት። ጤነኛ ልጅ ይህን ቢያደርግ ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ በቃ። ባይፖላር ያለብን ግን በእንቅልፍ ማጣቱ ብቻ ሕመሙ ሊቀሰቀስብን ይችላል። እንቅልፍ ማጣት የማኒያ ምልክት ነው፤ ቀስቃሹም ነው። ድባቴ ወይም ጭንቀት ያለባችሁም ብትሆኑ ያልተኛ አእምሮ ነገር ያገዝፋል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተጻፈ መልእክት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሲነበብ ስንቱን ያሳቅቃል።

የኔ ሕግ ይኸው ነው፦ ማታ አራት ሰዓት ሲሞላ ስልኩ ከመኝታ ክፍሉ ይወጣል። ትራስ ሥር አይገባም፣ "ድምፁን አጥፍቼዋለሁ" አይባልም፤ ይወጣል። እኛ ቤት የሚያድረው ሳሎን ቡፌው ላይ ነበር። ለማንቂያ የምትፈልጊው ከሆነ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ።

ለልጁ ቀድመሽ ንገሪው፤ ካልነገርሽው ዝምታሽን ንቀት ያደርገዋል። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ "ከአራት ሰዓት በኋላ ስልክ አልይዝም። ካልተኛሁ እታመማለሁ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የምጽፈው ላንተ ነው።" ይህን ሰምቶ "አንድ ቀን እንኳ ለኔ ብለሽ" የሚል ከሆነ ቀኑ አንድ ሆኖ እንደማይቀር እወቂ።

ሌላም ተያይዞ የሚሄድ ነገር አለ። እንቅልፍሽ በተዛባበት ሳምንት ትልቅ ነገር አትወስኚ። እንጋባ፣ እንጥፋ፣ ትምህርቴን ልተው፣ እንለያይ፣ ይህ ሁሉ ተኝተሽ ባደርሽበት ሳምንት የሚነሳ ነው። የግል ፎቶ ደግሞ በየትኛውም ሳምንት ለማንም አትላኪ፤ ከፍ ባልሽበት ሰሞን በተለይ። ስሜቱ ሲበርድ ፎቶው ተመልሶ አይመጣም።

መቼ ልንገረው? እንዴት?

በመጀመሪያው ሳምንት መንገር የለብሽም። ሕመምሽ የራስሽ ነው፣ ለማንም ዕዳ የለብሽም። ግን ሆስፒታል ገብተሽ ከሰው አፍ እስኪሰማም አትቆዪ። እኔ የምመክርሽ መሐሉን ነው፦ ሌላ ትንሽ ምስጢር ነግረሽው ሲጠብቅልሽ ካየሽ በኋላ፣ ደህና በሆንሽበት ቀን፣ ፊት ለፊት። በቴሌግራም አትጻፊው። የተጻፈ ነገር ስክሪን ሾት ይሆናል።

እኔ የነገርኩት መስከረም ላይ ነው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ፒያሳ ቁልቁል ስንወርድ። እየሄዱ ማውራት ይቀላል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የለበትም። ያልኩት ይህን ነው፦ "የምወስደው መድኃኒት አለ። ባይፖላር ይባላል፣ የስሜት ሕመም ነው። አንዳንዴ በጣም ከፍ እላለሁ፣ አንዳንዴ ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል። ሐኪም ይከታተለኛል።" ዝም ብሎ ትንሽ ሄደና "ይጋባል?" አለኝ። አይጋባም አልኩት። "በዘር ነው?" አለ። ቤተሰብ ውስጥ ካለ ዕድሉ ከፍ እንደሚል፣ ግን ባይፖላር ካለበት ሰው የተወለደ ሁሉ እንደማይታመም፣ እንዲያውም አብዛኛው እንደማይታመም ነገርኩት። ከዚያ መንገድ ዳር ከምትጠብስ ሴት በቆሎ ገዛ፣ ለሁለት ሰበረውና ትልቁን ሰጠኝ። "እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?" ብሎ ጠየቀ።

ይህ ጥያቄ ሲመጣ መልስ ይዘሽ ጠብቂ። "ምንም" አትበዪ፤ የሚወድሽ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። እኔ ሦስት ነገር ጠየቅሁት፦ ከአራት ሰዓት በኋላ እንዳይደውል፣ ወሬዬ ከፈጠነበት ለእህቴ እንዲነግራት፣ ለማንም እንዳያወራ። የእህቴን ስልክ ቁጥር ሰጠሁት። ከዚያ ቀን በፊት እህቴን አስፈቅጄ ነበር።

ምናልባት ያንቺ ልጅ በቆሎ አይገዛም። ምናልባት በማግስቱ አይንሽን ማየት ያቆማል። በአገራችን ስለዚህ ሕመም የሚባለውን ታውቂዋለሽ፤ ለከፋት ይላሉ፣ መተት ነው ይላሉ፣ የአንድ ሆስፒታል ስም እንኳ የልጆች ስድብ ሆኗል። ልጁ የሰማውን ይዞ ነው የሚሸሸው። ያሳዝናል፣ ያስለቅሳል፤ ግን የነገርሽበትን ድፍረት አይሽረውም። ክፍል ውስጥ ቢያወራብሽ ብቻሽን አትጋፈጪው፤ የምታምኛትን መምህርት ወይም የትምህርት ቤቱን አማካሪ ያዢ። ልጆች ፊት ለፊት ቢጠይቁሽ "አዎ፣ ታክሜያለሁ፣ እየታከምኩ ነው" በቂ ነው። ሐሜት የሚኖረው ስትክጂው ነው።

ስለ ክኒኑ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ሙያዬ ነው፣ በየቀኑም የማየው ነገር ነው።

ፍቅር ሲይዝሽ መድኃኒት ለማቆም የሚገፋፉሽ ነገሮች ይበዛሉ። ደስ ብሎሻል፣ "ድኛለሁ" ትያለሽ። ኦላንዛፒን ወይም ሪስፔሪዶን የሚባለው መድኃኒት ክብደት ይጨምራል፤ ቀሚሱ ይጠብሻል። ሊቲየም የሚባለው የባይፖላር መድኃኒት ፊት ላይ ብጉር ሊያወጣ፣ እጅ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፤ የማኪያቶ ስኒ ስታነሺ እንዳያይብሽ ትሳቀቂያለሽ። ጠዋት ያፈዝሻል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ችግሮች ናቸው፣ ቅንጦት አይደሉም። አብዛኞቹ ግን መፍትሔ አላቸው፦ መጠኑ ይቀነሳል፣ የጠዋቱ ወደ ማታ ይዞራል፣ መድኃኒቱ ይቀየራል። መፍትሔው የሚገኘው ግን ለሐኪሙ ስትነግሪው ነው። "ወፍሬያለሁ፣ በዚህ ምክንያት ልተወው ነው" ብለሽ በግልጽ ንገሪው። በራስሽ ድንገት ያቆምሽ እንደሆነ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከነጓዙ ይመለሳል።

ሪስፔሪዶን የምትወስዱ ሴቶች ልታውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የወር አበባን ሊያስቀር፣ ጡት ላይም ወተት ሊያመጣ ይችላል። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን በክንዷ ይዛ መጥታ የእርግዝና መመርመሪያ ስጪኝ አለችኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። "ማንም የለም እማዬ፣ በመድኃኔ ዓለም" ትላለች። የምትወስደውን መድኃኒት ጠየቅኋት። ስትነግረኝ እናትየውን ወደ ጎን ወስጄ አስረዳኋት፤ መመርመሪያውንም ሰጠኋት፤ ከዚያ ልጅቷን ሐኪሟ ዘንድ ይዛት እንድትሄድ፣ ይህንኑ ቃል በቃል እንድትነግረው አደረግሁ። እናትየዋ የልጇን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። ይህ ነገር መድኃኒቱ ሲሰጥ ቢነገራት ኖሮ ያ ሁሉ እንባ ባልኖረ። እንግዲህ አንቺ ተነግሮሻል። ወርሽ ቢዘገይ ዝም አትበዪ፤ እናትሽንም አስቀድመሽ አሳውቂያት።

ሊቲየም ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በተፈጥሮ የሚገኝ ጨው ነው፤ ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 ማኒያን እንደሚያበርድ ከጻፈ ወዲህ ይኸው እስከ ዛሬ ያገለግላል። ጨው ስለሆነ በሰውነትሽ ያለው ውሃ ሲቀንስ በደም ውስጥ መጠኑ ይጨምራል፤ ሲበዛም ይመርዛል። ለዚህ ነው ደም እየተሰጠ የሚለካው። ተቅማጥና ትውከት፣ ከባድ ላብ፣ ውሃ ሳይጠጡ መዋል፣ ሁሉም አደጋ አለው። ወር አበባ ሲያምሽ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትዋጪ፤ ሊቲየሙን ከፍ ያደርጉታል፣ ፓራሲታሞል ይሻላል። እጅሽ ከወትሮው በላይ ከተንቀጠቀጠ፣ ምላስሽ ከተሳሰረ፣ ስትሄጂ ከተንገዳገድሽ፣ ካስመለሰሽ፣ መድኃኒቱን ይዘሽ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል።

ከዚህ ጋር ጾምና ጸበል ይመጣሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚም ሆነ ረመዳን የምትይዢ፣ ከጾሙ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ፤ ሰዓቱን የሚያስተካክልልሽ መንገድ ይኖራል፤ ካልተቻለም ለታመመ ሰው ሁለቱም ሃይማኖት መንገድ አለው። ረመዳን ላይ ለሱሑር ስትነሺ እንቅልፍሽ ለሁለት እንደሚከፈል አትርሺ፤ ቀን ላይ ማካካሻ ፈልጊለት። ጸበል ለሚሄዱ፦ ጸበል በብዛት ጠጥቶ ማስመለስ ለሊቲየም ወሳጅ ከላይ የነገርኩሽን አደጋ ያመጣል። እናትሽን "ጸበል አልሄድም" ብለሽ አትጣያት፤ "መድኃኒቴን ይዤ እሄዳለሁ፣ እጠመቃለሁ፣ ብዙ አልጠጣም" በያት። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ አስተምረዋል። እኔ እናቴን ያሳመንኩት በዚህ ነው፤ የንስሐ አባታችንም ደግፈውኛል።

የድባቴ መድኃኒት እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ ከጀመርሽ እስኪሠራ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። "አልሠራልኝም" ብለሽ በአሥረኛው ቀን አትጣዪው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ ከ25 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል ቤተሰብ ቀረብ ይበል። እሱን ጀምረሽ ድንገት እንቅልፍ አላስፈልግሽ ካለ ደግሞ ፍቅሩ ነው ብለሽ አትለፊው፤ ባይፖላር ያለበትን ሰው ብቻውን የተሰጠ የድባቴ መድኃኒት ወደ ማኒያ ሊወስደው ይችላል።

አሁን የሚያሳፍረውን ላንሳ፣ ማንም ስለማያነሳልሽ። ቫልፕሮኤት የሚባለው የባይፖላር መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ፅንሱን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ለሴት ልጅ ሌላ አማራጭ መኖሩ መጠየቅ አለበት። ካርባማዜፒን የሚባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ የእርግዝና መከላከያ እንክብልንና በክንድ የሚቀበረውን አቅም ያደክማል። ፍቅረኛ ኖረሽም አልኖረሽም ሐኪምሽን "ይህ መድኃኒት ለሴት እንዴት ነው?" ብለሽ ጠይቂ። እናትሽ አጠገብሽ ተቀምጣ ካፈርሽ ለብቻሽ እንዲያነጋግርሽ መጠየቅ ትችያለሽ። በራስሽ ግን አታቁሚው።

ጫትና መጠጥን በአጭሩ፦ ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ሕመሙንም ያባብሳል፤ "በርጫ ላይ ነው የምንገናኘው" የሚል ልጅ ሌላ ቦታ ያግኝሽ። አልኮል ድባቴን ያከብዳል፣ ከክኒኑም ጋር አይስማማም።

ልጁ ሐኪምሽ አይደለም

"አንተ ካለህልኝ አልታመምም" አትበይው። ጣፋጭ ቃል ይመስላል፤ ግን በአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ የሚጫን ሸክም አይደለም። ያመመሽ ዕለት በሱ ጥፋት የመጣ ይመስለዋል፤ አንቺም እሱን ላለማሳዘን ስትይ ሕመሙን ትደብቂያለሽ። አብሮሽ ይሁን፣ ይስማሽ፣ ያስቅሽ። ሕክምናው የሥነ አእምሮ ነርሷና የሐኪሙ ሥራ ነው። ዛሬ ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የግድ አይደለም፤ ብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው።

ሁለት ዓይነት ልጅ ተጠንቀቂ። አንዱ "መድኃኒቱን ተዪው፣ እኔ እበቃሻለሁ" የሚለው ነው። ከልቡ ቢሆንም እንኳ አትስሚው። ሌላው የባሰ ነው፦ በተቆጣሽ ቁጥር "መድኃኒትሽን ረሳሽ እንዴ?" ይላል። ሌላ ሴት ጋር አይተሽው ብትቆጪ ሕመምሽ ነው፣ ቀጥሮሽ ቢቀርና ብታዝኚ ሕመምሽ ነው። ቁጣሽ የራስሽ ነው፤ ታመሽ ስለተቆጣሽ ብቻ ሐሰት አይሆንም። እንዲህ ካለ ልጅ ጋር ጥቂት ወር ከቆየሽ የራስሽን ስሜት ማመን ታቆሚያለሽ፤ እኛ ደግሞ ስሜታችንን ማንበብ ካቆምን ሕመሙ ሲመጣ በምን እናውቀዋለን? ተለዪው።

"ከተለየሽኝ ራሴን አጠፋለሁ" ቢልሽስ? በቁም ነገር ያዢው፣ ግን አብረሽው በመቆየት አትመልሺው። ያንኑ ቀን ለእናቱ፣ ለወንድሙ፣ ለመምህሩ ንገሪ። ምስጢር ማውጣት አይደለም። ሐሳቡ ወደ አንቺ ራስሽ ከመጣም እንደዚያው፦ ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው "ራሴን ልጎዳ እችላለሁ ብዬ ፈርቻለሁ" በያት፣ ብቻሽን አትደሪ፣ ክኒኖቹን ሌላ ሰው ይያዝልሽ፣ አብረውሽ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጓደኛሽ ላይ ከጠረጠርሽ በቀጥታ ጠይቂያት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልባትም።

ስትለያዩ

ብዙ የመጀመሪያ ፍቅር ያልቃል። የኛም አልቋል፤ እሱ ሌላ ክልል ዩኒቨርሲቲ ደረሰው፣ ቀስ በቀስ ወሬው ሳሳ። ያለቀው በሕመሜ አልነበረም፤ ያንቺም ካለቀ ምክንያቱን ሁሉ ሕመሙ ላይ አትለጥፊ። ማልቀስም ሕመም አይደለም። አልቅሺ።

መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ክኒንሽን በሰዓቱ፣ ምግብሽን ባይጣፍጥሽም በሰዓቱ። ትምህርት ቤት ሂጂ፣ ባይገባሽም ተቀመጪ። የሱን ገጽ ማየት ካላቆምሽ ስልኩን ከማታው አራት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት አውርጂው። ቀጠሮሽ ከወር በኋላ ከሆነ አስቀድመሽ ሄደሽ "ተለያይቻለሁ፣ እንቅልፌ እየተዛባ ነው" በዪ። ይህን ለሐኪም መናገር ነውር የለበትም፤ እሱ የሚፈልገው መረጃ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆንሽ አንድ ተጨማሪ ነገር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተማሪ አገር አቀፍ ፈተናውን የሚወስደው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ እያደረ ነው፤ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ይህ ማለት በአንድ ጊዜ ከቤትሽም፣ ከእህትሽም፣ ከልጁም ትለያለሽ፣ በብዙ ሰው መሐልም ትተኛለሽ። ከሚያስፈልግሽ ቀን በላይ የሚበቃ ክኒን ከነማዘዣው ወረቀት ያዢ፤ በሌላ ብልቃጥ አትገልብጪው፣ ፍተሻ ላይ ስሙ ያለበት መሆን አለበት። አብሯችሁ ለሚሄድ መምህር አስቀድሞ ይነገረው። የጆሮ መድፈኛ ጥጥ ያዢ። ከልጁ ጋር ደግሞ ከመሄድሽ በፊት ተሰነባበቱ፣ በዚያ ሳምንት ጠብ አታንሱ።

ለሚወዳት ልጅ

ይህን እያነበብክ ያለኸው እሷ ልካልህ ከሆነ በጣም ታምንሃለች ማለት ነው። የምትፈራው ነገር ካለ ራሷን ጠይቃት፣ ከሰፈር ወሬ አትማር። ከፍ ስትል አትከራከራት፣ ቀስ ብለህ አናግራትና ቤተሰቧን ጥራ። ዝቅ ስትል "ተነሽ እንጂ፣ ምን ጎደለሽ?" አትበላት፤ አጠገቧ ቁጭ በል። ከደከመህ ደግሞ ደክሞኛል ማለት ትችላለህ፤ አንተም ልጅ ነህ፣ የምታወራው ሰው ያስፈልግሃል።

ሆስፒታል ከተኛች ሄደህ ጠይቃት። የወባ በሽተኛ እንደምትጠይቀው አድርገህ፣ ብርቱካንህን ይዘህ። ስለ ሕመሙ ብዙ አትጠይቃት፤ ክፍል ውስጥ የሆነውን ንገራት፣ ያለፋትን የሒሳብና የፊዚክስ ማስታወሻ ገልብጥላት።